እናቱ ገበያ የሄደችበት ልጅ

«እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት አብዛኛውን ጊዜ የምንመዘው ለነገር ነው። ትንሽ የጎደለበት ሰው ብዙ ከጎደለበት እኩል ሲጮህ ስናይ በዚህ ጎሸም እናደርገዋለን። ዛሬ ግን እስቲ ነገሩን ትተን ቃሉን እንደተባለ እንውሰደው። ይህን ያለው ሰው፣ ወይም ይበልጥ እንደሚመስለኝ ይህን ያለችው ሴት፣ ሕፃን አጠገብ ቁጭ ብላ ያስተዋለች ናት። ጨቅላ ልጅ «እናቴ ገበያ ሄዳለች፣ ማታ ትመለሳለች» ብሎ አያስብም። ከዓይኑ ከጠፋች ጠፋች ነው። ለእሱ ገበያና መቃብር አንድ ናቸው።

ይህን እውነት የፈረንጅ ሳይንስ ተቀብሎ በመጽሐፍ ያሰፈረው ከ70 ዓመት ገደማ በፊት ነው። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ ነው፤ ስለ እናትና ጨቅላ። ቦታው ደግሞ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

የጓሳዋ እናት

ታሪኩን ከሰው አልጀምርም፤ ከጭላዳ ነው የምጀምረው።

ከመሐል ሜዳ ብዙም ሳይርቅ የጓሳ ሜዳ አለ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ያለ፣ ሌሊቱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ብርድ ያለበት፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ በአንድ ሣር ላይ የሚውሉበት አገር ነው። ፒተር ፋሺንግ፣ ንጋ ንጉየንና ባልደረቦቻቸው የጓሳን ጭላዳዎች ለዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ጥናት አሳተሙ። በ3 ዓመት ከ9 ወር ክትትል ውስጥ 14 እናቶች የሞተ ልጃቸውን ይዘው ሲዞሩ አይተዋል። አንዳንዷ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ይዛ ትተወዋለች። አንዷ ግን 48 ቀንና ከዚያ በላይ አልጣለችውም። አስከሬኑ ደርቆ ቆዳ ብቻ እስኪሆን ድረስ ማለት ነው። ብርዱ አስከሬኑን ቶሎ እንዳይበሰብስ ሳያደርገው እንዳልቀረ ተመራማሪዎቹ ጽፈዋል።

«ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት» የሚለው ተረት እዚህ ሜዳ ላይ በዓይን ይታያል።

የዚያው ጥናት ሌላ ገጽ ግን ይበልጥ አሳስቦኛል። ተመራማሪዎቹ ሁለት ጭላዳዎች ታመው ሲሞቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመልክተዋል። አንዲት እናትና ጨቅላ ልጇ ናቸው። ቀደም ብሎ በእንስሳት ማቆያ ያሉ ቺምፓንዚዎች የምትሞት ጓደኛቸውን ከበው ሲያስታምሙ ታይተው ነበር። የጓሳ መንጋ ግን እንዲህ ሲያደርግ አልታየም። የእናትና የልጅ ትስስር ጥልቅ ነው፤ መንጋው ግን ሲደክሙ የሚያስታምም መንጋ አልነበረም።

ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ።

ሳይንስ የዘገየበት ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1928 ጆን ዋትሰን የተባለ ስመ ጥር አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ለእናቶች መጽሐፍ ጻፈ። ምክሩ ባጭሩ «ልጃችሁን አትቀፉ፣ አትሳሙ፣ ጠዋት እጁን ጨብጡት» የሚል ነበር። ፍቅር ልጅ ያበላሻል ተብሎ ይታመን ነበር። በአውሮፓ ሆስፒታሎችም የታመመ ሕፃን ከእናቱ ተለይቶ ይተኛል፤ እናት በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ብቻ መጥታ ታየዋለች። ሕፃኑ ጥቂት ቀን አልቅሶ ዝም ሲል «ለመደ» ይባላል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቦውልቢ ዝምታው መልመድ እንዳልሆነ ተናገረ። እ.ኤ.አ. በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባቀረበው ጽሑፍ፣ ጨቅላ ልጅ ምግብ እንደሚያስፈልገው ሁሉ የማይቋረጥ የእናት፣ ወይም እናቱን የምትተካ ሰው፣ ቅርበት እንደሚያስፈልገው ተከራከረ። ባልደረባው ጄምስ ሮበርትሰን በ1952 አንዲት የሁለት ዓመት ልጅ ብቻዋን ሆስፒታል ስትተኛ የሚያሳይ ፊልም ሠራ። ሐኪሞቹ ፊልሙን አይተው ተቆጡ፤ ኋላ ግን የሆስፒታል በር ለእናቶች መከፈት ጀመረ። በ1958 ደግሞ ሃሪ ሃርሎው የጦጣ ግልገሎችን ከእናታቸው ለይቶ ሁለት አሻንጉሊት እናት ሰጣቸው። አንዷ ከሽቦ የተሠራች ሆና ወተት የምትሰጥ፣ ሌላዋ ለስላሳ ጨርቅ የለበሰች ግን ወተት የሌላት። ግልገሎቹ ወተቱን ጠጥተው ውሎና አዳራቸውን ጨርቋ ላይ ተለጥፈው ሆነ። «ልጅ እናቱን የሚወዳት ስለምታጠባው ብቻ ነው» የሚለው ክርክር በዚህ ተናጋ።

ስለ ትስስር ከተጻፉት መሠረታዊ ሥራዎች አንዱ የተጠናው አውሮፓ ውስጥ አይደለም። ኡጋንዳ ነው። ሜሪ ኤይንስዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955 በካምፓላ አካባቢ ባሉ መንደሮች ከቤት ቤት እየዞረች 26 ቤተሰቦችን ተከታተለች። ሕፃኑ እናቱ አጠገቡ ስትሆን ዳዴ እያለ ዓለምን እንደሚያስስ፣ ሲፈራ ወደ እሷ እንደሚመለስ ያየችው እዚያ ነው። እናት ለልጅ መውጫና መግቢያ ደጁ ናት። ይህን ለዓለም ያስተማሩት የአፍሪካ እናቶች ናቸው፤ ስማቸው ግን በየትምህርት ቤቱ አይጠራም።

የሌቪን መንዝ

በዚያው ሰሞን አንድ ወጣት አሜሪካዊ መንዝ ይመላለስ ነበር። ዶናልድ ሌቪን ይባላል፤ እኛ ኋላ ሊበን ገብረ ኢትዮጵያ ያልነው። በ1965 (እ.ኤ.አ.) የታተመው «ሰምና ወርቅ» የተሰኘው መጽሐፉ ብዙው ነገሩ ከመንዝ ገበሬ ሕይወት የተቀዳ ነው። ሌቪን ስለ ቅኔው ብቻ አልጻፈም፤ የገበሬው ልጅ እንዴት እንደሚያድግና መብላትና ማብላት በኑሯችን ውስጥ ስላለው ቦታም ጽፏል። ጉርሻን፣ ጾምንና ድግስን እንደ ተራ ነገር አላለፈም።

እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሌቪን ወንድ ነው፤ ፈረንጅም ነው። የመንዝ አራስ ቤት ደግሞ ወንድ እንደልቡ የሚገባበት አልነበረም። በዚያ ቤት ውስጥ የነበረውን እውቀት የሚያውቁት ሴቶች ናቸው፣ እነሱም አልጻፉትም። ስለዚህ እኔም ያለኝን ከአያቴ ነው የማመጣው።

አያቴ የላሎ ምድር ሰው ነበረች። የነገረችኝ እንዲህ ነው። ምጥ ሲመጣ ሴቶች ይሰበሰባሉ፤ «ማርያም ማርያም» ይባላል። ልጅ ሲወለድ እልል ይባላል፤ ለመጣው ሁሉ ገንፎ ይገነፋል። ከዚያ ወንድ ከሆነ እስከ 40፣ ሴት ከሆነች እስከ 80 ቀን፣ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ አራሷ ከቤት አትወጣም። እንጨት አትለቅም፣ ውኃ አትቀዳም፣ አትፈጭም። እናቷ፣ አማቷ ወይም ጎረቤት ይሠሩላታል። ብቻዋንም አትተውም።

ይህ ሥርዓት መሠረቱ የኦሪት የመንጻት ሕግ ነው። በተግባር ግን ምን እንደሠራ እዩት። የዛሬው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጠረች ሴት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ደመወዝ የሌላት የመንዝ ሴት ግን ፈቃዷን የምታገኘው ከክርስትናው ቀጠሮ ነበር። ሴት ልጅ የወለደች እናት እጥፍ ዕረፍት ታገኛለች። ሕጉ የተጻፈው ለዚህ ባይሆንም ያረፈችው እሷ ናት።

ከዚያ አንቀልባ ይመጣል። ከለፋ ቆዳ የተሠራ፣ አንዳንዱ በዛጎል ያጌጠ። በመንዝ ብርድ ልጅ መሬት ላይ አይተኛም። ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ፣ በላዩ ባና ወይም ጋቢ ተደርቦበት፣ የእናቱን ሙቀት እየተካፈለ ይውላል። ወፍጮ ስትፈጭ እሱም ይወዛወዛል፤ ከጎረቤት ስታወራ ይሰማል። ሲያለቅስ ዞር ተደርጎ ይጠባል። ዋትሰን «አትቀፉ» ብሎ በሚጽፍበት ዓመት የመንዝ ልጅ ቀኑን የሚውለው እዚህ ነበር።

ጡት ከምግብ በላይ ነበር

ባገራችን ጡት የፖለቲካ ቃልም ነበር። «የጡት ልጅ»፣ «የጡት አባት» የሚባል ነገር ነበር። አንድ ሰው ከሌላ ኃያል ሰው ጋር ዝምድና መመሥረት ሲፈልግ የዚያን ሰው ጣት ጠብቶ ልጁ ይሆናል። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችን የኖረው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ ይህን ልማድ መዝግቦታል። ሽማግሌው ወንድ ነው፣ የሚጠባውም ጺም ያወጣ ጎልማሳ ነው፤ ግን ከደም ቀጥሎ ያለውን ጥብቅ ውል ለማሰር የተመረጠው ምልክት ማጥባት ነው። ይህ ሕዝብ እምነት የሚጀምረው ከየት እንደሆነ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

አሁን መራራውን ልንገራችሁ

እስካሁን ያነበበ ሰው «የጥንቱ ሁሉ ወርቅ ነው ሊለን ነው» ብሎ ሊጠረጥረኝ ይችላል። አይደለም።

አንድ ቀን አያቴን «እማማ፣ ስንት ወለዱ?» አልኳት። «ዘጠኝ ወልጄ አምስት አሳደግሁ» አለችኝ። ይህን ስትል ድምፅዋ አልተለወጠም። ስለ አዝመራ እንደምታወራ ነው ያለችው። ቀጥዬ ስለ እንገር ጠየቅኳት። «እንገርማ ይታለባል፣ ይደፋል። ቢጫ ነው፣ የረጋ ነው፣ ለልጅ ሆድ ይከብዳል» አለች። ታዲያ ወተቱ እስኪመጣ ልጁ ምን ይቀምሳል? «ቅቤ ይውጣላ!»

እንገር የሚሉት ያ ቢጫ የመጀመሪያ ወተት ለጨቅላው እንደ መጀመሪያ ክትባት ነው። በሽታ ተከላካይ ንጥረ ነገሮች የሞሉበት ነው። አያቴና አያቶቿ በፍቅር ደፉት። ቅቤውንም በፍቅር አዋጡት። እንጥል ያስቆረጡትም፣ የወተት ጥርስ ያስነቀሉትም በፍቅር ነው። ፍቅር ብቻውን እውቀት አይሆንም።

ጡት ማስጣሉም ሌላ ጣጣ ነበር። እናት ሌላ ልጅ ስትፀንስ ጡቷ ላይ እሬት ትቀባለች፤ ወይም ልጁ አያቱ ዘንድ ይላካል። ትናንት የቤቱ ንጉሥ የነበረው በአንድ ቀን ጡቱንም ጀርባውንም ያጣል። በጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና፣ ትሠራ የነበረችው ሐኪም ሲሲሊ ዊሊያምስ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለዓለም ያስተዋወቀችው «ክዋሺዮርኮር» የሚባለው በሽታ ስሙ የጋ ሕዝብ ቃል ነው፤ ታናሹ ሲመጣ ታላቁን የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። በእኛም አገር ይህን ክፍተት ለመሙላት ነበር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ፋፋ ዱቄትን ያዘጋጀው። ስንቶቻችን በፋፋ እንዳደግን እናንተው ታውቃላችሁ።

ልጅ እናቱን ያድናል

ትስስሩን ሁልጊዜ የምናስበው በአንድ በኩል ነው። እናት ትሰጣለች፣ ልጅ ይቀበላል። የሰውነት አሠራር ግን እንዲህ አይደለም። ሕፃኑ ገና እንደተወለደ ጡት ሲይዝ በእናቲቱ ደም ውስጥ ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞን ይለቀቃል። ይህ ሆርሞን ወተቱን ያወርዳል፤ ማህፀኗንም እንዲኮማተር ያደርጋል። ማህፀን ሲኮማተር የደም መፍሰስ ይቀንሳል። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ደግሞ ከዋነኞቹ የእናቶች ገዳዮች አንዱ ነው። እንግዲህ እንገሩ እስኪደፋ ተብሎ ልጁ ከጡት ሲርቅ የተጎዳው ልጁ ብቻ አልነበረም። በዚያች ሰዓት እናቱን የሚረዳት እሱ ነበር።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ቦጎታ ሐኪሞች የማሞቂያ ሣጥን ሲያጥራቸው ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ራቁታቸውን ከእናታቸው ደረት ጋር አሰሯቸው። ካንጋሮ እንክብካቤ ተባለ። በእኛ አገር ዶክተር ቦጋለ ወርቁና አሳየ ካሴ ይህንን አዲስ አበባ ውስጥ ሞክረው ውጤቱን በ2005 (እ.ኤ.አ.) አሳትመዋል። ሕፃናቱ ሲወለዱ ከ2 ኪሎ በታች የነበሩ ናቸው። በተለመደው መንገድ ከታከሙት 38 በመቶው ሞቱ፤ ገና ከመጀመሪያው ሰዓታት ከእናታቸው ገላ ጋር ከተጣበቁት ደግሞ 22.5 በመቶው። ልዩነቱን ያመጣው የእናት ደረት ነው። አንቀልባ ልብስ ለልብስ ነው፣ ይህ ገላ ለገላ ነው፤ ሐሳቡ ግን ሩቅ አይደለም። የጎደለን የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እውቀት ነበር።

ቁጥሩ ምን ይላል?

በ2000 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 97ቱ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016ቱ ጥናት 48 ሆነ። እኩሌታ ማለት ነው። ከ100,000 ወሊድ የሚሞቱ እናቶች ቁጥር ከ871 ወደ 412 ወረደ። በጤና ተቋም የምትወልድ ሴት በ2000 ከ100 አምስት ነበረች፤ በ2016 26 ደረሰች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ እነዚያ ደብተር ይዘው ዳገት የሚወጡ ልጃገረዶች፣ በዚህ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አላቸው። «እንገሩን አትድፉት» የሚለውን ቃል በየጎጆው ያደረሱት እነሱ ናቸው።

በዚያው 2016 ግን በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ልጆች 46ቱ ቀንጭረው ነበር፤ ያገሪቱ አማካይ 38 ነው። ልጁ ተርፏል፤ ግን አላደገም። ምክንያቱ ከአንድ በላይ ቢሆንም አንዱ ክር ወደ እናቲቱ ሰሃን ይወስደናል። ራሷ ያልበላች ሴት ማጥባቷን አታቆምም፤ ከራሷ አጥንት እየወሰደች ታጠባለች።

መንጋው የት ነው?

ወደ ጓሳ ልመልሳችሁ።

ጓሳ ዛሬ ድረስ ሣር ያለው እንዲሁ አይደለም። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ስለጠበቀው ነው። ይህ በቅርቡ በፖለቲካ ከምናውቀው ቃል ጋር አይምታታባችሁ። ሜዳው ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ከብት አይገባም፣ ሣር አይታጨድም። ጊዜው ሲደርስ በሥርዓት ይከፈታል። ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የድሮውን የርስት ሥርዓት ሲያፈርስ ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ኋላ ነዋሪው በአዲስ መልክ መልሶ አደራጀው፤ ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው።

ይህ ሕዝብ ለሣር እንዲህ ያለ ሕግ ማውጣት ከቻለ፣ ለአራስ ያወጣውም ሕግ ከዚያ አያንስም ነበር። ገንፎው፣ 40 እና 80 ቀኑ፣ የጎረቤት ውኃ መቅዳት፣ ምጥ የጠናባትን በቃሬዛ ተሸክሞ ገደል መውጣት፣ ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው። እናትና ጨቅላ ሁለት ብቻቸውን አይበቁም፤ ሦስተኛ ያስፈልጋቸዋል። ከጓሳ ጭላዳ የምንለየው እዚህ ላይ ነው። ፍቅሩ እሷም አላት፤ ከእኛ ታንሳለች ብዬ አልከራከርም። ሲደክማት ተሸክሟት የሚወጣ መንጋ ግን የላትም።

እኛስ አለን? ዓለም ከተማ ላይ ያለው የመርሐቤቴ ሆስፒታል ስሙ «እናት» ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ምን እንደሚያስፈልግ ገብቶታል። በየጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ተሠርቶ፣ እዚያው ገንፎ እየተገነፋ ሴቶች የመውለጃ ቀናቸውን መጠበቅ ጀምረው ነበር። ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሞላሌና መዘዞ ሲደርስ፣ ከዚያም ወዲህ ክልሉ በግጭት ውስጥ ሲቆይ፣ ምጥ ግን ተኩስ አቁም አልጠበቀም። መንገድ በተዘጋ ቁጥር፣ አምቡላንስ በቆመ ቁጥር፣ ያቺን ሴት ሦስተኛዋን እንነጥቃታለን። ማን አሸነፈ ማን ተሸነፈ ስንባባል ይህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

የከተማዋም እናት ሦስተኛዋን እያጣች ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እናቷ አገር ቤት፣ ባሏ ሥራ፣ ጎረቤት በሩን ዘግቶ። አዋጁ ለአባት የሚሰጠው ፈቃድ 3 ቀን ነው። አያቴ ብትሰማ «በ3 ቀንማ ገንፎውም አያልቅ» ትል ነበር። በዚህ ዘመን አንዲት ሴት ከወለደች በኋላ ስትጨልምባት «ምን ጎደለሽ?» እንላለን። የጎደላት ያ ቤት ሙሉ ሴት ነው።

ምን ይደረግ ለምትሉኝ፣ ትልቁን ለመንግሥት ትቼ ትንሹን ለእናንተ ልበል። እንገሩ ለልጁ ይሰጥ። ቅቤው ለገንፎው ይሁን። ልጁ በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ይያዝ። አባት ሆይ፣ ውኃውን አንተ ቅዳ። አንቀልባውን ከየትም ፈልጋችሁ አምጡት፤ ለፎቶ ሳይሆን ለልጁ። ጎረቤታችሁ ከወለደች ሰሃን ይዛችሁ በሯን አንኳኩ።

አያቴ ስትሞት ከሣጥኗ ውስጥ አንድ አሮጌ አንቀልባ ተገኘ። ዛጎሉ ረግፏል፣ ቆዳው ተሰነጣጥቋል። እናቴ አንስታ አሸተተችው። «እኔም በዚህ ነው ያደግሁት» አለች። ከዚያ ዝም ብላ እያየችው ቆየችና «እነዚያም አራቱ በዚህ ነበር የታዘሉት» አለች።

ዛሬ ገበያ የሄደች እናት ሁሉ በሰላም ትመለስ። ቸር ሰንብቱ።